በርሊን በበረዶ ወራት፦ ጋዜጣው፣ ፋይሉና ብቸኛው መንገደኛ

እኛ ስደተኞች የአውሮፓን ከተሞች የምናውቃቸው በሦስት ነገር ነው፤ በሠርግ፣ በለቅሶና በሰላማዊ ሰልፍ። ብራስልስንና ጄኔቫን ያወቅናቸው ባንዲራ ይዘን ስንጮህ ነው። ፍራንክፈርት የወንድም ልጅ ክርስትና ነው፤ ስቶክሆልም የጓደኛ ሐዘን። ሰው ጠርቶን፣ ሰው ተቀብሎን፣ በሰው ቤት አድረን እንመለሳለን፤ ከተማዋን ግን አላየናትም። ያለ ጉዳይና ያለ ዘመድ፣ ያውም በረዶ በሚጥልበት ወር፣ አንድ ከተማ ሄዶ ብቻውን የሚዞር ሐበሻ ቢገኝ «ምን ነካው?» መባሉ አይቀርም።

እኛ ባንድ የጥር ወር በርሊንን እንዲያ አድርገን አየናት። አንባቢም እንዲሞክረው እንመክራለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ወር ፀሐይ በሐበሻ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ብቅ ትልና 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በበጋ በየአደባባዩ የሚርመሰመሰው ቱሪስት የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ነገር ግን ጎብኚውን ከእያንዳንዱ ሐውልት ጋር ብቻ ለብቻ ያገናኘዋል። በርሊን ደግሞ ብቻዋን ልታነጋግራት የሚገባ ከተማ ናት፤ ቁስሏን አትሸፍንምና።

ኡንተር ዴን ሊንደን ከሚባለው ሰፊ ጎዳና እንጀምር። እዚያ «ኖየ ቫኸ» የሚሉት አንድ ባዶ አዳራሽ አለ። ውስጡ ያለው አንድ ሐውልት ብቻ ነው፤ የሞተ ልጇን አቅፋ የተቀመጠች እናት። ሥራው የኬተ ኮልቪትስ ሲሆን እርሷም ልጇን በ1914 በጦር ሜዳ ያጣች ናት። ከሐውልቱ በላይ ጣሪያው ክብ ሆኖ ተከፍቷል፤ ዝናቡም በረዶውም በእናቲቱ ላይ ይወርዳል። በበጋ ያየው ሰው ጣሪያው ለብርሃን የተከፈተ ሊመስለው ይችላል። በጥር ግን በረዶው በራሷና በትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ማብራሪያ የሚያስፈልገው የለም። ከአገራችን እናቶች ስንቶቹ እንዲህ እንደተቀመጡ የሚያውቅ ሐበሻ እዚያ ቆሞ ኮፍያውን ሳያወልቅ አይወጣም።

መንገዱን ሲሻገሩ ቤብልፕላትስ የሚባለው አደባባይ ነው። በሜይ 10 ቀን 1933 ናዚዎች መጽሐፍ ያቃጠሉት እዚህ ነው። መታሰቢያው ከመሬት በታች የተሠራ አንድ ነጭ ክፍል ነው፤ 20 ሺሕ ያህል መጻሕፍት ሊይዙ የሚችሉ መደርደሪያዎች አሉት፤ ሁሉም ባዶ። መሬቱ ላይ በተገጠመ መስተዋት ቁልቁል ነው የሚታየው። ሲጨልም መብራቱ ከሥር ስለሚወጣ የበረዶው ወር አጭር ቀን ለዚህ መታሰቢያ ተስማሚው ጊዜ ነው።

ከዚያ በምድር ባቡር ወደ ምሥራቅ፣ ማግዳሌነንሽትራሰ ድረስ ይሄዷል። እዚያ የምሥራቅ ጀርመን የደኅንነት ሚኒስቴር፣ የስታዚ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ግቢ አለ። የሚኒስትሩ የኤሪክ ሚልከ ቢሮ ከነወንበሩና ከነስልኮቹ እንደነበረ ተጠብቋል። በአትክልት ውኃ ማጠጫ ውስጥ የተደበቀ ካሜራ ሳይቀር ለዕይታ ቀርቧል። ስታዚ በ1989 ወደ 91 ሺሕ የሚጠጉ ደመወዝተኞች ነበሩት፤ ከ170 ሺሕ በላይ ደግሞ ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ አንዳንዴም የትዳር ጓደኛውን የሚጠቁም ጆሮ ጠቢ።

በመንግሥት ጋዜጣ ቤት ዘመናችንን ለፈጀን ሰዎች ይህ ግቢ ልዩ ነገር ይናገራል። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ነበረው። አንዱ ሕዝቡ እንዲያነበው የታተመው «ኖየስ ዶይችላንድ» ጋዜጣ ነው፤ በየቀኑ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ይሠራጭ ነበር። በዚያ ላይ ምርቱ ያድጋል፣ ሕዝቡ ይደሰታል፣ መሪው ያጨበጭባል። ሁለተኛው ሕዝቡ ከቶ እንዳያነበው የተጻፈው ፋይል ነው። ማን እንዳማረረ፣ ማን በወረፋ ላይ ምን እንዳለ፣ ማን ለመኮብለል እንዳሰበ የሚገኘው እዚያ ነው። ታዲያ ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 የበርሊን ሕዝብ ተሰብስቦ የሄደው ወደ ጋዜጣው ሕንፃ አልነበረም። ፋይሉ ወዳለበት ሄዶ በሩን አስከፈተ። የትኛው ጽሕፈት ቁም ነገር እንደያዘ ያውቅ ነበርና።

ጋዜጣውን ካነሣን ዘንድ ጉንተር ሻቦቭስኪን ማለፍ አይቻልም። ከ1978 እስከ 1985 የኖየስ ዶይችላንድ ዋና አዘጋጅ ነበር፤ ኋላም የበርሊን ፓርቲ ኃላፊ ሆነ። ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ምሽት በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አዲሱ የጉዞ ደንብ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ተጠየቀ። ወረቀቱን አገላበጠና እስከሚያውቀው ድረስ ወዲያውኑ መሆኑን ተናገረ። ደንቡ ግን ሥራ ላይ ሊውል የታሰበው በማግሥቱ ነበር። ሕዝቡ ወደ ኬላዎቹ ጎረፈ፤ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ የቦርንሆልመር ኬላ ተከፈተ። ያ ሰው በኋላ ባንዲት ትንሽ ከተማ የአካባቢ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሠራ። ቢያንስ 140 ሰዎች በሞቱበት ግንብ ጉዳይ በ1997 የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ2000 በምሕረት ወጣ። የሞራል ተጠያቂነቱን በአደባባይ ከተቀበሉት ጥቂት ሹማምንት አንዱ ሆኖ በ2015 ሞተ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? የሚል ካለ ሆኔከር በ1979 አዲስ አበባ መጥቶ የወዳጅነት ውል መፈራረሙን እናስታውሰው። በዩኒቨርሲቲው አጠገብ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልት የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ ነው። የደርግ የደኅንነት ሰዎችም ከዚያች አገር ሥልጠና አግኝተዋል። ያስተማሩን ጀርመኖች ፋይላቸውን ከ1992 መጀመሪያ ጀምሮ ለባለቤቱ ከፍተዋል፤ ሦስት ሚሊዮን የሚያህል ማመልከቻ ቀርቧል። ተርታው ሲለካ 111 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው መዝገብ መካከል ሰው የራሱን አንብቦ ማን እንደጠቆመበት አወቀ። የተፈራው የበቀል ደም መፋሰስ ግን አልደረሰም። ከተማሪዎቹ ወገን በስሙ የተከፈተውን የደኅንነት ፋይል ጠይቆ፣ ተቀምጦ ያነበበ አንድም ሐበሻ እኛ አልገጠመንም።

ለስደተኛው ነገሩ የሚጎመዝዘው እዚህ ላይ ነው። ፋይል በሌለበት ቦታ ሐሜት ይነግሣል። በየቡና ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ «እርሱ እኮ የነርሱ ሰው ነው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማን? ማስረጃ የለም፤ ምስክር የለም፤ ይግባኝም የለም። ስንት ማኅበር በዚህ ፈረሰ? ስንት ወዳጅ በዚህ ተቀያየመ? እውነተኛው ጆሮ ጠቢ በመካከላችን ተቀምጦ ሻዩን ሲጠጣ ንጹሑ ሰው ስሙ ጠፍቶ ከቤቱ ይውላል። የበርሊን ሰው ቢያንስ በወረቀት ላይ ተመሥርቶ ይፈርዳል፤ የተጠረጠረውም በዚያው ወረቀት ነጻ የሚወጣበት ዕድል አለው።

ስለዚህ በአገራችን የለውጥ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ መዝገብ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ስታዚዎች በመጨረሻው ሰዓት ፋይል ይቀድዱ ነበር፤ ሕዝቡ ደርሶ ያዳነው ቅዳጅ ብቻ 16 ሺሕ ጆንያ ገደማ ሞልቷል። እስከዚያው ድረስ ያለ ወረቀት የሰው ስም አንሥተን ከመጣል እንቆጠብ።

በርሊን የምትሄዱ ካፖርትና ውኃ የማያስገባ ጫማ አትርሱ። ኖየ ቫኸና ቤብልፕላትስ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የስታዚ ሙዚየም ግን መግቢያ ያስከፍላል። በየእግረኛው መንገድ ላይ ደግሞ አሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆኑ የነሐስ ሰሌዳዎች አሉ፤ ከዚያ ቤት ተወስደው የጠፉ አይሁድና ሌሎች ሰዎች ስም የተቀረጸባቸው ናቸው። በረዶ ከሸፈናቸው በጫማችሁ ጠረግ አድርጋችሁ አንብቡ።

ቸር ይግጠመን።