የተረፈች ኪኒን

ወረታ ላይ መድኃኒት ቤት የከፈተ ሰው «ዶክተር» መባሉ አይቀርም። መጀመሪያ አካባቢ «ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ» እያልሁ አርም ነበር። ትቼዋለሁ። ደንበኛው ሕመሙን ሊነግረኝ ነው የመጣው እንጂ ማዕረጌን ሊማር አይደለም።

ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚውል ሰው የሰውን አመል ሳይፈልግ ያውቃል። የመድኃኒት ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ «ያችን ቀይና ቢጫዋን ስጠኝ» ይባላል። ባዶውን የኪኒን ቅጠል ይዞ የሚመጣም አለ፣ ስሙ የተጻፈበት ጫፍ ተቀድዶ የጠፋ። የኮሶ መድኃኒት ከበር ጀምሮ በጩኸት ይጠየቃል፤ ኮሶ የታየበት ሰው ጥሬ ሥጋ የቆረጠ ነውና የሚያፍርበት ነገር የለም። ኮንዶም ፈላጊው ግን ሰው ተሸኝቶ እስኪያልቅ የጥርስ ሳሙናውን ካርቶን ሲያገላብጥ ይቆያል። የሳሙናው ካርቶን እየተነበበ አለቀ እላለሁ ለራሴ።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላው አመላችን ነው፤ ማስቀመጥ።

በጥቅምት መጨረሻ አንዲት እናት ከናቤጋ ቀበሌ በኩል መጡ። መቀነታቸውን ፈቱና በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት፦ የአሞክሳሲሊን ቁራጭ፣ ሁለት ፓራሲታሞል፣ ቀለሙ የለቀቀ የማላውቀው እንክብል፣ ከነቅጠሉ 12 ቢጫ ኮአርተም። «የኔ ልጅ፣ ከዚህ ውስጥ የወባው የትኛው ነበር?» አሉኝ። ትንሹ ልጅ አተኩሶታል። ቢጫዎቹ የባላቸው ናቸው፤ አምና ታመው ግማሹን ውጠው፣ ላብ ላብ ብሏቸው ሲነሡ «በቃኝ» ብለው የተዉት።

የኮአርተም መጠን በክብደት ነው። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ ይውጣል፤ 15 ኪሎ ያልሞላ ሕፃን 1 ፍሬ። የአባት ትርፍ ለልጅ የሚሆነው በግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ለወባ አይበጅም። ልጁን መጀመሪያ ጤና ኬላ ወስደው ከጣቱ ደም እንዲያስመረምሩት፣ ወባ ከሆነ መድኃኒቱ እዚያው በነፃ እንደሚሰጣቸው ነገርኋቸው። ሰሙኝ። ቢጫዎቹን ግን መልሰው ቋጠሯቸው።

ይህን «አለማወቅ» ብሎ መናገር ይቀናናል፤ በየስብሰባውም የምንለው ይኸንኑ ነው። አልስማማም። እኚህ ሴት የሚኖሩበት አገር ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ከወረታ ይቆረጣል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያለብሱት ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አሁንም በየቤቱ አለ። መንገዱ በውሃ በተያዘበት ሌሊት ልጅ ቢያተኩስ መቀነት ውስጥ ያለች ኪኒን ብቻ ናት ያለችው። የእኛው የፎገራ ገበሬ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ሩዝ ስንት ዓመት የዘራው ከገዛ ጎተራው ዘር እያስቀረ ነው። ያ እጅ ኪኒን ሲያገኝም እንደ ዘር ያስቀራል። ቁጠባውን የምናመሰግነውን ሰው እዚህ ላይ ስንቆጣው ግራ ይገባዋል።

ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹም ነው ለማለት የሚያስደፍር ታሪክ አለ። ከ1996 ዓ.ም በፊት ለወባ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳር ነበር፤ ለአዋቂ 3 ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ አለቀ። ወባው ፋንሲዳርን ሲለምደው አገሪቱ ወደ ኮአርተም ዞረች። ይህኛው 24 ፍሬ ነው፤ የመጀመሪያው 4 እንደተሰጠ፣ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ። «አንዴ ዋጥና ተኛ» ስንለው የኖርነውን ሰው ነው ድንገት ሦስት ቀን ቁጠር ያልነው።

ኮአርተም ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ቶሎ ያሽላል። በውስጡ ያሉት ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። አርቴሜተር የሚባለው ትኩሳቱን በአንድ ሁለት ቀን ያወርደዋል። (የሚሠራው አርቴሚሲያ ከሚባለው ተክል፣ ከእኛው አሪቲ ዘመድ፣ ከሚወጣው አርቴሚሲኒን ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ ኖቤል ያገኙት በዚሁ ነው።) ግን ከደም ቶሎ ይወጣል። የተረፈውን ጥገኛ ቀስ ብሎ የሚጨርሰው ሁለተኛው፣ ሉሜፋንትሪን ነው። ግማሹን ያስቀመጠ ሰው ጠንካራውን ወባ ደሙ ውስጥ አስቀመጠ ማለት ነው። በዚሁ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አርቴሚሲኒንን የመቋቋም ምልክት ያለው የወባ ጥገኛ በጥናት ተገኝቷል። ፋንሲዳርን የቀበርነው በእንዲህ ያለ ጅማሬ ነው።

ስለዚህ አሁን ስሰጥ «በቀን ሁለት ጊዜ» አልልም። ከደጋ ለሩዝ አጨዳ የወረደ ጎበዝ ከሆነ «ማሳ ስትወጣ ምን ቀምሰህ ትወጣለህ?» እለዋለሁ። ምግቡን የምጠይቀው በምክንያት ነው፤ ሉሜፋንትሪን ቅባት ካላገኘ ሰውነት አይቀበለውም። ወተት ወይም ዘይት ያለበት ወጥ ካለው ጉዳዩ ቀላል ነው። በመጨረሻ ቅጠሉን ገልብጬ በየረድፉ ቀኑን በእስክሪብቶ እጽፍለታለሁ፦ ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ብዙው ሰው ባዶውን ቅጠል ለማሳየት እየመጣ ነው፤ በዚህ ደስ ይለኛል፣ አልደብቅም።

የማይቃናልኝ ከኅዳር 15 በኋላ ነው። የነቢያት ጾም ይገባል፣ የሩዝ አጨዳው የደራው ያኔ ነው፣ ወባውም ገና አልለቀቀም። አጫጁ ማለዳ ውሃ እንኳ አይቀምስም። የጠዋቷ ኪኒን ቀኑ 9 ሰዓት ላይ ትዋጣለች፣ የማታዋን ድካምና እንቅልፍ ይበላታል፣ ወተትማ አይታሰብም። ሱፍ ፍትፍት ወይም ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ ይበቃል፤ ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። «ለታመመ ተፈቅዷል» ብዬ እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? «ዶክተር» ያሉኝ ሰዎች ቄስ አላሉኝም።

እናም ልመናዬ ለንስሐ አባቶች ነው። የወባ ኪኒን የያዘ የንስሐ ልጃችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲመጣ ሦስት ቀን ማለዳ እንዲቀምስ ፍቀዱለት፤ ስታሰናብቱትም ቅጠሉን ባዶውን አምጥቶ እንዲያሳያችሁ እዘዙት።