ትኩስ የአትክልት ሰላጣ በምዕራብ ጎጃም ማዕድ፦ ጥቅሙ፣ ሥጋቱና የአዘገጃጀቱ ቅደም ተከተል

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ባሉ የገጠር ገበያዎች በመስኖ የለማ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በበጋው ወራት ይቀርባል። ይህ ወቅት ከ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ጋር ይገናኛል። በጾሙ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከማዕድ ስለሚርቁ፣ ጿሚው ቤተሰብ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር በአመዛኙ የሚያገኘው ከጤፍ፣ ከዳጉሳ፣ ከሽሮና ከምስር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥሬ ሰላጣ በዚህ ማዕድ ላይ ያለውን ድርሻና በቤት ውስጥ ሊዘጋጅበት የሚገባውን ቅደም ተከተል ማብራራት ነው።

በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት የሥጋውን ያህል በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ፋይቴት የተባለው ውሁድ አስሮ ይይዘዋልና። ቫይታሚን ሲ ይህን እንቅፋት ያቃልላል። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመንና ሎሚ የዚህ ቫይታሚን ምንጮች ናቸው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ሰላጣው ከሽሮው ጋር በአንድ ማዕድ ሲበላ ነው። በአንጻሩ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳል። በካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲንም ያለ ቅባት በሚገባ ስለማይመጠጥ፣ በሰላጣው ላይ የሚፈስ ጥቂት የኑግ ዘይት ከጣዕም ያለፈ ሥራ አለው።

ሥጋቱ የሚመነጨው ከዚያው ከጥሬነቱ ነው። ማሳው ወይም የመስኖው ውሃ በዓይነ ምድር ከተበከለ፣ የወስፋት እንቁላል፣ ጃርዲያና የታይፎይድ ተዋሲያን ከአትክልቱ ጋር ወደ ቤት ይገባሉ። በብዙ ቤቶች ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም በረኪና ሁሉንም እንደሚገድል ይታመናል። የወስፋት እንቁላል ግን ወፍራምና ተጣባቂ ሽፋን ስላለው እነዚህን ይቋቋማል። ስለዚህ ዋናው መከላከያ እያንዳንዱን አትክልት በሚፈስ ንጹሕ ውሃ በእጅ እያሹ ማጠብ ነው። የቧንቧ ውሃ በሌለበት ቤት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጆግ እያፈሰሱ መጠቀም ይቻላል።

ለአራት ሰው አራት ቲማቲም፣ አንድ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ ሁለት ቃሪያ፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ሎሚ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጥቂት ጨው ይበቃል። በመጀመሪያ እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ይታጠባሉ፤ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይውልም። ቀጥሎ የጎመኑ የላይኛው ቅጠል ይነሣል፤ አትክልቱ ሳይቆረጥ በሙሉነቱ ይታጠባል፤ ካሮቱና ሽንኩርቱ ይላጣሉ። መክተፍ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ የተቆረጠ ገጽ ለተዋሲያን መግቢያ ይሆናል፣ ቫይታሚን ሲም ለአየር ሲጋለጥ ይቀንሳል። ሎሚው፣ ዘይቱና ጨው ማዕድ ሲቀርብ ይጨመራሉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተከተፈ ሰላጣ ከ2 ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ይህን መጠን ለማሟላት ሁሉም አትክልት በጥሬው መበላት የለበትም። ንጹሕ ውሃ ባልተገኘበት ቀን ቅጠላ ቅጠሉን አብስሎ፣ የሚላጠውን ብቻ በጥሬው ማቅረብ ይመረጣል። በመብሰሉ የሚጎድለው ቫይታሚን በሎሚ ሊካካስ ይችላል፤ በሕፃን ሆድ የገባ ወስፋት ግን ምግቡን እየተሻማ ሰላጣው የታሰበበትን ጥቅም ይነጥቃል።