የቮልስ ሞተር፦ ከሚኒሞ በፊት ያለው ሥራ

ቮልስ መብራት ላይ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ወይም ድርግም ሲል ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው የካርቡሬተሩን ብሎን ነው። ካቻቢቴ ብቻ ስለሚበቃው ይቀላል። ግማሽ ዙር ሲያጠብቀው ሞተሩ ቀና ይላል፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ይነዳል። ችግሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ የሚስተካከለው ከሁሉም በኋላ ነው።

ይህ መኪና 21,529,464 ያህል ተመርቷል፤ የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ከታክሲና ከአውቶቡስ ጋር እየተጋፋ ይሄዳል። ከኋላ የተቀመጠው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። በካርቡሬተር የሚሠሩት ኮምፒውተርም የላቸውም፤ ብልጭታው መቼ እንደሚፈጠር የሚወስነው በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ፑንቲና የምትከፈትበት ቅጽበት ነው።

ቤንዚንና አየር ተቀላቅሎ እስኪነድ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ በብዙዎቹ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 1300 እና 1500 ሞተሮች 7.5 ዲግሪ፣ በቀደሙት 1200 ሞተሮች ደግሞ 10 ዲግሪ። ሞተሩ በደቂቃ 850 ጊዜ ሲዞር 7.5 ዲግሪ ማለት አንድ ተኩል ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በደቂቃ 3000 ሲዞር ያንኑ ጊዜ ለማግኘት ወደ 27 ዲግሪ ያስፈልጋል። ዲስትሪቢዩተሩ ፍጥነት ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድመው ለዚህ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ቫልቮቹ ይለካሉ። ከዚያ ፑንቲናዋ ሙሉ በሙሉ ስትከፈት ክፍተቷ 0.4 ሚሊሜትር እንዲሆን ይደረጋል። ይህን የዘለለ ሰው የብልጭታውን ጊዜ ቢያስተካክልም ድካሙ ከንቱ ነው፤ የፑንቲናዋ ተረከዝ እየተበላ ክፍተቱ ሲጠብ ብልጭታው ይዘገያልና።

ቀጥሎ ፑሌጃው ላይ ያለው ምልክት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ጋር ይገጥማል፤ ሮተሩም በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለው የአንደኛው ሲሊንደር ጭረት መዞር አለበት። ከቦቢናው 1 ቁጥር እስከ ሞተሩ አካል ትንሽ አምፖል ይገናኛል፤ በአሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልት፣ በኋለኞቹ ባለ 12። ቁልፉ ይከፈትና የዲስትሪቢዩተሩ ማሰሪያ ላላ ይደረጋል። መጀመሪያ በሰዓት አቅጣጫ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በተቃራኒው ይዞራል። አምፖሉ በርቶ ሲታይ ፑንቲናዋ ተከፍታለች፤ ያኔ ይታሰራል። ርካሽ ዘዴ ነው፣ ግን በጆሮ ከመገመት እጅግ ይሻላል። በጆሮ የሚያስተካክል መካኒክ ሞተሩ የሚጣደፍበትን ቦታ መውደዱ አይቀርም፤ ያ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ የቀደመ ነው።

መለኪያው አንደኛው ሲሊንደር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚከልል ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ፋብሪካው በብዙ ዲስትሪቢዩተሮች የእሱን ብልጭታ ሆን ብሎ ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። በሦስተኛው የለካ ሰው ሌሎቹን ሁሉ አስቀድሞ ያቃጥላል።

አሁን ሞተሩ ይሙቅ። በተለመዱት የሶሌክስ ካርቡሬተሮች አንዱ ብሎን ፍጥነቱን፣ ሌላው ድብልቁን ይገዛል። የድብልቁ ብሎን ቀስ እያለ ይጠብቃል፤ ሞተሩ መድከም ሲጀምር ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ ይላላል። ከዚያ ፍጥነቱ ሞተሩ በሚፈልገው ቁጥር ላይ ይቀመጣል፤ በኋለኞቹ 850 አካባቢ። ሠላሳ አራት ፒክት 3 የተባለው ካርቡሬተር ግን ለየት ይላል፤ በእሱ ፍጥነቱ የሚስተካከለው በጎን ባለው ትልቁ የአየር ብሎን ነው፣ የጋዙ ብሎን አይነካም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አዲስ አበባ ላይ ካንዴላው ጥላሸት ሊለብስ ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። የሚኒሞ ብሎን እዚህ አያድንም፣ ሥራው ሚኒሞ ላይ ብቻ ነውና። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ዋናውን የናስ ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ነው። ባለቤቱ ድሬዳዋ መውረድ ከፈለገ ግን ሰፊውን ይዞ ይሂድ፤ 1200 ሜትር አካባቢ አየሩ ስለሚወፍር በጠባቡ ቀዳዳ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ያለ ልክ ይሞቃል።