በደል ያሸፈተው ካፒቴን

በሆሊውድ ከተሠሩት የባሕር ወንበዴ ፊልሞች ውስጥ ለዘርፉ መልክ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው «ካፒቴን ብለድ» ነው። ታሪኩ የተወሰደው ራፋኤል ሳባቲኒ በ1922 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ባለታሪኩ ፒተር ብለድ አየርላንዳዊ ሐኪም ነው፤ በ1685 በእንግሊዙ ንጉሥ በዳግማዊ ጄምስ ላይ በተነሣው ዓመፅ የቆሰለ ሰው ሲያክም ይያዛል። ቁስለኛ ማከም የሐኪም ግዴታ መሆኑን ቢናገርም ሰሚ አያገኝም። ሞት ይፈረድበታል፤ ቅጣቱ ተለውጦም ጃማይካ ወዳለችው ፖርት ሮያል ተጭኖ በባርነት ይሸጣል። ስፔኖች ከተማዋን በወጉ ጊዜ ከባልንጀሮቹ ጋር መርከባቸውን ነጥቆ ያመልጣል። ከዚያ በኋላ የሚመለስበት አገር ስለሌለው የባሕር ወንበዴ ይሆናል።

የእነዚህ ፊልሞች ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ ሰውየውን የሚያውቀው ገና አንድ ሳንቲም ሳይዘርፍ ነው። ዳኛው ሲያዳላ፣ የእርሻው ጌታ ሲያስገርፍ አይቷል፤ ስለዚህ ጎራዴው ሲመዘዝ ልቡ ከሸፈተው ጋር ነው። ጊዜውም ለዚህ የተመቸ ነበር። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች፤ ሥራውን ላጣ ሰው ለግፈኛ ሹም አልንበረከክም የሚል ካፒቴን ምን ያህል ልብ እንደሚሞላ ለመገመት አያስቸግርም።

ከ1934 ጀምሮ ስቱዲዮዎቹን ጥብቅ የሥነ ምግባር ደንብ ይገዛቸው ነበር። በደንቡ መሠረት ወንጀል ማራኪ ሆኖ መታየት፣ ወንጀለኛም ሳይቀጣ መቅረት አልነበረበትም። ወንበዴን ጀግና ለማድረግ የፈለገ ሁሉ እንግዲህ የተበደለ ጨዋ ሰው ሊያደርገውና መጨረሻ ላይ ምሕረት ሊያሰጠው ግድ ሆነ። የሳባቲኒ ታሪክ ለዚህ ልኩን ተለክቶ የተሰፋ ያህል ነበር፦ ጄምስ ከዙፋኑ ሲወርድ ብለድ ምሕረት ያገኛል፤ ፖርት ሮያልን ከፈረንሳዮች ይከላከላል፤ በባርነት በተሸጠባት ከተማም ገዥ ሆኖ ይሾማል።

ዋርነር ብራዘርስ ለዚህ ሚና አስቀድሞ ያሰበው ታዋቂውን እንግሊዛዊ ተዋናይ ሮበርት ዶናትን ነበር። እሱ ሲቀር ዕድሉ የደረሰው በአውስትራሊያዋ ታስማኒያ ለተወለደው፣ ስሙ ብዙም ለማይታወቀው የ26 ዓመቱ ኤሮል ፍሊን ነው። ከጎኑ የቆመችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ሁለቱም በዚህ አንድ ፊልም ኮከብ ሆኑ። ዳይሬክተሩ ማይክል ከርቲዝ ታሪኩ ትንፋሽ እንዲሰጥ አልፈቀደም፤ ብለድ ከፈረንሳዊው ወንበዴ ከሌቫሰር ጋር በባሕር ዳርቻ የሚያደርገው ፍልሚያ ዛሬም ሲታይ ያስደንቃል። ሌቫሰርን የተጫወተው ባዝል ራትቦን የጎራዴ ስልት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ሁለቱ በካሊፎርኒያው ላጉና ቢች በአለቶቹ መካከል እየተሳደዱ ይፋለማሉ፤ በመጨረሻ ሌቫሰር ከውኃው ጠርዝ ላይ ይወድቃል፤ ማዕበሉም መጥቶ ፊቱን ያለብሰዋል።

የአካል ቅልጥፍና በራሱ ተመልካች እንደሚስብ ከዚያ በፊት ያሳየው ዳግላስ ፌርባንክስ ነው። በ1926ቱ ድምፅ አልባ ፊልም «ዘ ብላክ ፓይሬት» ቢላውን ሸራው ላይ ሰክቶ፣ ሸራውን እየቀደደ ከምሰሶው አናት ቁልቁል ይንሸራተታል። ያ ፊልም በወቅቱ ብርቅ በነበረው ባለ ሁለት ቀለም ቴክኒከለር የተቀረጸ ነው።

ድምፅ ሲመጣ ሙዚቃው የታሪኩ ግማሽ ሆነ። «ካፒቴን ብለድ»ን ያጀበው ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ በልጅነቱ በቪየና በድንቅ ተሰጥዎው የታወቀ የኦፔራ ደራሲ ነበር። አይሁዳዊ ስለነበር፣ ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን ሲይዙ መመለሻው ተዘጋ፤ ሆሊውድም መጠጊያው ሆነች። በ1940 ለ«ዘ ሲ ሆክ» የጻፈው ሙዚቃ ከዘርፉ ሁሉ የላቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ፊልም ፍሊን ለንግሥት ኤልሳቤጥ የሚዘርፍ ካፒቴን ነው። የስፔኑ ንጉሥ ፊሊጶስ ዓለምን ሁሉ ለመግዛት ሲዝት ጥላው በግድግዳው ካርታ ላይ ይዘረጋል። አውሮፓ በሂትለር ጦር በምትወረርበት በዚያ ዓመት የዚህን ጥላ ትርጉም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

ፊልሞቹ ከእውነተኛው ታሪክ የወሰዱት አለ፤ የሸሸጉትም አለ። ብለድና ባልንጀሮቹ የሚፈርሙት የካሳ ውል ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ከካሪቢያን ወንበዴዎች ጋር በሐኪምነት የኖረው ኤክስክመሊን በ1678 ባሳተመው መጽሐፍ ቀኝ እጁን ላጣ 600፣ ዓይኑን ላጣ 100 የስፔን ብር ይከፈል እንደነበር ጽፏል። ይኸው ደራሲ ለቀኝ እጅ በገንዘቡ ፈንታ ስድስት ባሪያ ሊሰጥ ይችል እንደነበርም መዝግቧል፤ ይህን ግን ፊልሙ አያነሣም። በጃማይካ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በባርነት ያለቁት በአብዛኛው አፍሪካውያን ሆነው ሳለ፣ በ«ካፒቴን ብለድ» ለነፃነቱ የሚነሣው ነጭ ብቻ ነው። ስለ ባርነት አጥብቆ በሚናገር ፊልም ውስጥ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘርፉ ወደ ቀልድና ጨዋታ አዘነበለ። በ1950 በወጣው የዲዝኒ «ትሬዠር አይላንድ» ሮበርት ኒውተን የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝን አነጋገር አጋንኖ በመጫወቱ፣ ዛሬ ወንበዴ መስሎ የሚናገር ሁሉ የሚቀዳው እሱን ነው። በ1952ቱ «ዘ ክሪምሰን ፓይሬት» በርት ላንካስተርና በሰርከስ ዘመኑ የሥራ አጋሩ የነበረው ኒክ ክራቫት አክሮባታቸውን በመርከብ ላይ ያሳያሉ። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ተቀዛቀዘ፤ በ1995 «ከትስሮት አይላንድ» ከባድ ኪሳራ ሲደርስበት ያበቃለት መሰለ። በ2003 የወጣው የመጀመሪያው «ፓይሬትስ ኦቭ ዘ ካሪቢያን» ተመልካቹን ሲመልስ ግን ከቀደሙት ፊልሞች ብዙ ወርሶ ነው፤ ጀግኖቹ የተገለበጠ ጀልባ ራሳቸው ላይ ደፍተው በባሕር ወለል ላይ የሚሄዱበት ትዕይንት በላንካስተር ፊልም ውስጥ ከ51 ዓመት በፊት ታይቷል።