የጭቃ ጥበብ

በመካከላችን ጭቃ የማያውቅ አንባቢ የለም። ቤታችን ጭቃ ነው። ምድጃችን፣ መደባችን፣ ጎታችን ጭቃ ነው። ይሁን እንጂ ጭቃ ሰው ከሩቅ አገር ተጉዞ የሚያየው ጥበብ ይሆናል ብንባል ብዙዎቻችን እንስቃለን። እስቲ ዛሬ ስለዚሁ እናንብብ።

አዲስ አበባ ውስጥ መካኒሳ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ቆሻሻ የበከለው አንድ መሬት ነበር። ሠዓሊው አቶ ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ ወይዘሮ መስከረም አሰግድ ያንን መሬት አጸዱት። የእጅ ባለሙያዎችን ይዘው ቤት ሠሩበት፤ አትክልት ተከሉበት፤ ሕፃናት የሚማሩበት ቤትም አቆሙበት። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ዞማ ሙዚየም ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። ሙዚየም ማለት ጥበብና ቅርስ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው።

የዞማ ግድግዳ ጭቃና ጭድ ነው። አሠራሩ እናንተ ከምታውቁት አይርቅም። አፈሩ ከጭድ ጋር ይቦካል፤ እንዲብላላ ይተዋል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ይይዘዋል፤ ሲደርቅም ብዙ እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይመረጋል። ጭቃው ሳይደርቅ ግን በእጅ ቅርጽ ይወጣለታል። ግድግዳው ራሱ ሥዕል ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ስንነግራቸው አንዲት ተማሪያችን፣ «ይህንማ እኛም ጎታችን ላይ እናደርገው የለም እንዴ!» አሉን። እውነታቸውን ነው። ጎታ የሚሠሩ እናቶች ጭቃው ሳይደርቅ በጣታቸው መስመር ያወጡበታል። ማንም ግን ሠዓሊ ብሎ አይጠራቸውም።

አቶ ኤልያስ ያደገው ጨርቆስ በሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ጨርቆስ ቤቱ የተጠጋጋ፣ ኑሮው ጠባብ የሆነ ሰፈር ነው። አቶ ኤልያስ ለሥራው ውድ ቀለም አልፈለገም። ሰው የጣለውን ቁልፍ፣ ቆርኪና ጨርቅ ሰበሰበ። በኋላም ከመርካቶ የተበላሸ የኮምፒውተርና የስልክ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም እየገዛ ሠራ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፤ በጣውላ ላይ እየመታ ትልቅ ሥዕል ያወጣበታል። ከሩቅ ሲያዩት ከተራራ ላይ ቁልቁል የሚታይ እርሻ ይመስላል። በኒው ዮርክ ከተማ ያለው ታላቁ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከሥራዎቹ መካከል ወስዶ አስቀምጧል።

በጭቃ የተከበረ ሌላም አገር አለ። በምዕራብ አፍሪካ፣ በማሊ፣ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 የተሠራ ታላቅ የጭቃ መስጊድ አላት። ሕዝቡ በየዓመቱ ወጥቶ በአንድነት ይመርገዋል። ወጣቶች ጭቃ ይሸከማሉ፤ ሴቶች ውሃ ያመላልሳሉ፤ አዋቂ መራጊዎች ሥራውን ይመራሉ። የእኛ ደቦ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ብሎኬት እየበዛ ነው። ብሎኬት መጥፎ ነው አንልም። ጭቃም ጠላት አለው። ዝናብ ያጥበዋል፤ ምስጥ እንጨቱን ይበላዋል። ስለዚህ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት፣ ከላዩ ሰፊ ክዳን፣ በየዓመቱም ምርጊት ይፈልጋል። ነገር ግን ብሎኬትና ሲሚንቶ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ጭቃ ከደጃችን ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የጉናን ብርድ ይከላከላል።

እኛን የሚያሰጋን ሌላ ነገር ነው። በአገራችን የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን ተንቋል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ስም ወጥቶለታል። እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት የባለሙያዎች መንደር ነበረች። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ እንኳ ያለ እጅ ባለሙያ አልሆነላቸውም። የተናቀን ሙያ ልጅ አይማረውም። የጭቃ ሥራ ዕውቀት ያለው ደግሞ በአዛውንቶች እጅ ነው። እነሱ ሲያልፉ ዕውቀታቸውም አብሮ ይቀበራል።

አሁን ግን እናንተ መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንሥራ። በመንደራችሁ ምርጊት ወይም ጎታ የሚያውቁ እናት ወይም አባት ዘንድ ሂዱ። እነዚህን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

1. አፈሩ ከየት ይወሰዳል? ቀለሙስ ምን ዓይነት ነው?

2. ጭዱ ስንት ቁና ይገባል?

3. ስንት ቀን ይብላላል?

4. የሚወጣበት ቅርጽ ስሙ ማን ይባላል?

የባለሙያውን ስም ከላይ ጻፉ። ስማቸውን ለእሳቸው አንብቡላቸው። ደብተሩንም ለልጆቻችሁ አስቀምጡ።