አንደበትን ስለ ማለማመድ

በቤት ውስጥ ሲንጫጭ የሚውል ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ፊት «ቁምና አንብብ» በተባለ ጊዜ ድምፁ የሚጠፋበት ስለ ምንድን ነው? ይህ ነገር በእኛም ደርሷል። በልጅነታችን በአንድ የበዓል ቀን ሁለት ገጽ ጽሑፍ በቃላችን አጥንተን ከሕዝቡ ፊት ቆምን፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ ግን ጕልበታችን ተንቀጠቀጠ፥ አፋችን ደረቀ፥ የቀረው ሁሉ ከልባችን ጠፋ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያም ወዲያ ብዙ ዓመት በሰው ፊት ለመናገር እንቢ ብለን ኖርን። ያሳፈረን መርሳታችን አልነበረም፤ ያ ሳቅ ነው እንጂ።

ዛሬ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን የምትባለውን ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን ስናስብ ይህ ነገር ይበልጥ ያሳስበናል። በዚያ የቡና አገር ቤንቹ፥ ሸኮው፥ ሸካው፥ መዠንገሩ፥ ምኢኒቱና ካፋው በጉርብትና ይኖራል። ልጁ በእናቱ ጉያ ሳለ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል፤ ገበያና መሥሪያ ቤት ሲሄድ አማርኛ ይጠብቀዋል፤ በ1999 ዓ.ም ወደ ተመሠረተው ወደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ደግሞ የመመረቂያ ሥራውን በመምህራን ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። በ2014 ዓ.ም የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ክልልም የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። እንግዲህ የዚያ አገር ልጅ በሰው ፊት ሲቆም ፍርሃቱ እጥፍ ነው፤ «ነገሩን እረሳው ይሆን?» ይላል፥ «በአነጋገሬ ይሥቁብኝ ይሆን?» ይላል።

ሊሣቅበት ግን አይገባም። የቤንች ቋንቋ አምስት የድምፅ ደረጃ አለው፤ አንዱ ቃል ድምፁ ከፍ ሲል አንድ ነገር፥ ዝቅ ሲል ሌላ ነገር ይሆናል። በፉጨትም ይነጋገሩበታል። ጆሮው ከሕፃንነቱ አምስት ደረጃ ለይቶ የሰማ ልጅ «መናገር አያውቅም» ይባላልን? የእኛው የንባብ ቤት መምህራን ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይና ሰያፍ እያሉ ተማሪውን ዓመት ሙሉ የሚያደክሙት ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ስፍራ እንዲለይ አይደለምን?

ንግግር ከማኅፀን ይዘውት የሚወጡት ሀብት ነው የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ከአንደበቱ ጣዕም የተነሣ አፈወርቅ የተባለው ቅዱስ ዮሐንስ እንኳ በአንጾኪያ ከሊባንዮስ ዘንድ የንግግር ትምህርት እንደ ተማረ ይነገራል። በቅኔ ቤታችን ያለው ሥርዓትም ይህንኑ ያሳያል። ጀማሪው በመጀመሪያ የሚቈጥረው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃናን ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፥ አምስት ወዳለው ወደ ዋዜማ ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፥ መምህሩም ያርመዋል። እኛን ግን በመጀመሪያው ቀን ሁለት ገጽ አሸክመው አቆሙን!

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን በሁለት ዐረፍተ ነገር አስጀምሩት። ቤታችሁ ጉባኤ አለው፤ ይኸውም ቡናው ነው። በዚያ አገር የቡናው ፍሬ ቀርቶ ቅጠሉም እየተፈላ ይጠጣልና ለዚህ የሚሆን ሰዓት አይታጣም። ጎረቤት ተሰብስቦ አቦሉ ሲቀዳ ልጁ ይነሣና በዕለቱ ያየውን አንድ ነገር ይንገራችሁ። ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ቀስ ብሎ ስቦ ያውጣ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቃሉን ያጣድፋልና። እግሮቹን አደላድሎ ይቁም። ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ የሚወደውን አንድ ሰው፥ አያቱን ቢሆን፥ እያየ ይናገር። ሁሉን በቃሉ ከሚይዝ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ብቻ አጥንቶ መካከሉን እንደሚያወራ ሰው ቢናገር ይሻላል፤ በቃል የተያዘ ነገር አንዱ ቃል ሲጠፋ ሌላውን ይዞ ይጠፋል። በእናቱ ቋንቋ ይጀምር፤ ድፍረቱ ሲጸና ያንኑ ነገር በአማርኛ ይድገመው።

ቃል ቢጠፋበትስ? ዝም ይበል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በቆሙ ጊዜ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ረበሹ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ረባሾቹ እስኪወጡ ድረስ ጸጥ ብለው ጠበቁ፤ ከዚያም ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ለተናጋሪው እንደ ዘመን የሚረዝመው ዝምታ ለሰሚው የአንድ ትንፋሽ ዕረፍት ነው።

በቡናው ዙሪያ የተቀመጠው ትልቅ ሰውም ድርሻ አለው። ልጁ ሲናገር መካከል ገብቶ ቃል አያርም፥ የታላላቅ ልጆችንም ሳቅ አስቀድሞ ይከልክል። እርማት ካለ አንድ ብቻ ይሁን፥ እርሱም በቶናው ጊዜ ለብቻ ጠርቶ በለሆሳስ ይነገረው። በረካው ሲቀዳ ልጁ እንደ ገና ተነሥቶ ያንኑ ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሮ ይንገራችሁ።