ለእህቴ የቀረበው፣ ለእኔ ያልቀረበው ጥያቄ

እህቴ ጀርመን አገር ናት፤ እኔ ሐራ። ባለፈው ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ልንገዛ ተማክረን ማታ ማታ በኢሞ እየተደዋወልን ዋጋና ዓይነት እናይ ነበር። አንድ ምሽት የአንድ ሻጭ ድረ ገጽ አግኝታ ሊንኩን ላከችልኝና በየስልካችን እኩል ከፈትነው።

«ቆይ ወንድምዬ፣ መጀመሪያ ይሄንን ላውርደው» አለች።

«ምኑን?»

«የኩኪውን ጥያቄ ነዋ! አንተ ጋ አልመጣም?»

እኔ ጋ የመጣ ነገር የለም። መኪናው ከነዋጋው ፊቴ ተደርድሯል። እሷ ስክሪኗን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ግማሹን ገጽ የሸፈነ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሦስት ቁልፎች፦ «ሁሉንም እቀበላለሁ»፣ «ሁሉንም አልቀበልም»፣ «ላማርጥ» የሚሉ፣ በጀርመንኛ። ዘግቼ ደግሜ ከፈትሁ። አሁንም የጠየቀኝ የለም። ያው ድረ ገጽ፣ ያው ሰዓት፤ እሷን አስፈቅዶ እኔን ሳያስፈቅድ አለፈ።

እሷ «አልቀበልም» ብላ ገባች። በማግሥቱ የኳስ ዜና ሳነብ ያ የስፌት መኪና ከጽሑፉ መሐል ብቅ አለ። የአየር ሁኔታ ስመለከትም አለ። ልጄ በስልኬ ጌም ስትጫወት እሷም ጋ ደረሰ። እህቴን ስጠይቃት «እኔ እንኳ አላየሁትም» አለችኝ። ነገሩን አጥብቄ መመርመር የጀመርሁት ያኔ ነው።

ሥራዬ ከነገሩ ሩቅ አይደለም። ሐራ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ መዳረሻዋ ሐራ ገበያ ስለሆነች ስሟን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እኛ ግን ከሐዲዱ በፊትም በገበያዋ ነው የምናውቃት፤ ደገኛው ከላይ ይወርዳል፣ አፋሩ ከቆላው ግመሉን እየነዳ ይመጣል። እኔ ቤት ሰው የሚመጣው ማመልከቻ ሊያስጽፍ፣ ዲቪ ሊሞላ፣ የማትሪክ ውጤት ሊያይ ነው። ስልኩ ሲያስቸግረውም ይዞት የሚመጣው ወደ እኔው ነው።

ኩኪ ሲባል ብዙ ሰው ኬክ ቤት የሚሸጠውን ኩኪስ ያስባል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሁለት ፕሮግራሞች የሚቀባበሉትን ትንሽ ምልክት «ማጂክ ኩኪ» ይሉት ስለነበር ስሙ ከዚያ ተወርሶ ቀረ። ነገሩን ለደንበኞቼ የማስረዳው በጤና ጣቢያ ካርድ ነው። መጀመሪያ ቀን ስትሄዱ ትንሽ ካርድ ይሰጧችኋል። ካርዱ ላይ በሽታችሁ አልተጻፈም፤ ቁጥር ነው ያለው። ታሪካችሁ ያለው ካርድ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ቁጥር በተቀመጠው ፋይል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ካርዱን ስታሳዩ ፋይሉ ይወጣል። ኩኪም ድረ ገጹ ስልካችሁ ውስጥ የሚያስቀምጠው ካርድ ማለት ነው። ፋይሉ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ይህን የፈጠረው ሉ ሞንቱሊ የሚባል የኔትስኬፕ ኩባንያ ወጣት ባለሙያ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት ድረ ገጽ የሚረሳ ነገር ነበር። አንድ ዕቃ መርጣችሁ ወደ ሌላው ገጽ ስትሄዱ ማን እንደነበራችሁ አያውቅም፤ እንደ አዲስ ሰው ይቀበላችኋል። የመረጣችሁት ዕቃ ቅርጫት ውስጥ እንዲቆይ ነው ኩኪ የታሰበው። ይኼን አልቃወምም። ይለፍ ቃል በየጊዜው ሳንጽፍ ፌስቡክ የሚከፍትልን፣ የመረጥነውን ቋንቋ የሚያስታውስልን እሱ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ደላላው ሲገባበት ነው። የሐራን ገበያ አስቡት። እህል ተራ ገብታችሁ ማሽላ ጠየቃችሁ። ነጋዴው ቢያውቃችሁ ምንም አይደለም፤ ደንበኛው ናችሁ። አሁን ግን ከእያንዳንዱ ነጋዴ ጎን አንድ ሰው ተቀምጧል እንበል። እህል ተራ አለ፣ ጨርቅ ተራ አለ፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አለ። ሁሉም የአንድ ደላላ ልጆች ናቸው። የእናንተን ቁጥር እያዩ በአንድ መዝገብ ይጽፋሉ፦ ማሽላ ጠየቀ፣ የልጅ ጫማ አየ፣ የኩላሊት መድኃኒት ዋጋ ጠየቀ። ደላላውን አላናገራችሁትም፣ ፊቱንም አላያችሁትም። ባለሙያዎቹ የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚሉት ይህ ነው።

የሚቻለውም አንድ ገጽ ከአንድ ቦታ ብቻ ስለማይመጣ ነው። ዜናው ከዜና ድርጅቱ ይመጣል፤ ማስታወቂያው ከሌላ ኩባንያ፤ የ«ላይክ» ምልክቱ ከፌስቡክ። ዓይን የማያያት ነጠብጣብ የምታህል ሥዕልም ትኖራለች፤ ሥራዋ «እገሌ እዚህ ገባ» ብላ ለጌታዋ መንገር ነው። በየጊዜው ከየቦታው የሚመጣው ሁሉ የየራሱን ካርድ ያስቀምጣል። ደብልክሊክ የሚባለው ኩባንያ የማስታወቂያ ንግዱን በዚህ መንገድ አሳደገ፤ ጉግል በ2007 እ.ኤ.አ. በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ። የመዝገቡ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

«እኔ ምን የሚደበቅ አለኝ?» የሚሉኝ አሉ። የአክስቴን ልጅ ታሪክ የምነግራቸው ያኔ ነው፤ ራሷ ፈቅዳልኛለች። ከሳውዲ ተመልሳ አግብታ ሁለት ዓመት ልጅ ሳትወልድ ቆየች። ለማንም ሳትናገር፣ ማታ ማታ፣ ይዛው በመጣችው ስልክ ስለ መካንነት ታነብ ነበር። ስልኩን ቀን ቀን የባሏ ወንድሞችም ይይዙታል፤ እዚህ አንድ ስልክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ከወንድሞቹ አንዱ ቪዲዮ ሲከፍት የመካንነት ሕክምና ማስታወቂያ በዓረብኛ ወጣ። ሲደጋገም ለወንድሙ ነገረ፤ ወንድሙ ለእናቱ። እሷ ራሷ ለባሏ በጊዜዋ ልትናገረው የነበረውን ነገር ማስታወቂያ ቀድሞ ለቤተሰብ ተናገረባት። «ወላሂ፣ ከሰው አፍ ቢወጣ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። ማሽኑ ክፉ አስቦ አላደረገውም። ግን እንባዋን አይቻለሁና ነገሩን አቅልዬ ማየት አልችልም።

ሌላው ጉዳት በገንዘብ ነው። እዚህ ፓኬጅ በብዛት የሚገዛው በሜጋ ባይት ተለክቶ ነው። የሚከታተሏችሁ ኩባንያዎች ፕሮግራምና ማስታወቂያ ሲወርድ የሚበላው ከእናንተው ፓኬጅ ነው። ለሚከታተላችሁ ሰው የትራንስፖርቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ለመሆኑ እህቴ ለምን ተጠየቀች? አውሮፓውያን ሕግ አውጥተው፣ ሕጉንም ስላስከበሩ ነው። ለአገልግሎቱ ግድ ያልሆነ ኩኪ ያለ ፈቃድ እንዳይቀመጥ መመሪያ አላቸው፤ በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ሕጋቸው ደግሞ የፈቃድን ትርጉም አጠበቀው። በ2019 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤታቸው አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ ወሰነ። የፈረንሳዩ ተቆጣጣሪ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ መቀበል በአንድ ንክኪ ሲያልቅ እንቢ ማለት ግን ብዙ መንገድ ያስኬድ ነበር። እህቴ ስክሪን ላይ «አልቀበልም» የሚለው ቁልፍ ከ«እቀበላለሁ» ጎን እኩል የቆመው እንዲህ ባለ ክርክር ነው።

እኛም ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው፤ የመቆጣጠሩ ኃላፊነት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኔ ከዚህ አዋጅ አንድ ነገር እጠብቃለሁ። ለሐራ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ በሚያነበው ቋንቋ ይቅረብለት። አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው እኛም ጋ ይመጣል፤ ግን በእንግሊዝኛ፣ ያውም የሕግ እንግሊዝኛ። ሱቄ የሚመጡ ሰዎች ሳያነቡ ይነኩታል፤ የፈለጉት ከፊታቸው እንዲወርድላቸው ነው። ያልገባው ሰው የነካውን ቁልፍ ፈቃድ ነው ማለት፣ ማንበብ የማይችልን ገበሬ ውል ላይ አውራ ጣቱን አስነክቶ መሬቱን እንደመውሰድ ነው።

ሕጉ እስኪሠራ ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኩኪውን ሁሉ ባንዴ አታጥፉ። ካጠፋችሁት ፌስቡኩም ሌላውም ከድረ ገጹ ያስወጣችኋል፤ እንደገና ለመግባት ይለፍ ቃል ይጠይቃል። እዚህ አካባቢ ደግሞ ብዙ ሰው ጂሜሉን የከፈተለት ስልኩን የሸጠለት ሞባይል ቤት ነው፤ ይለፍ ቃሉን ባለቤቱ አያውቀውም። መጀመሪያ እሱን በእጃችሁ አስገቡ።

ከዚያ ክሮምን ክፈቱ፤ በጥጉ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ቅንብሮች፣ ግላዊነትና ደህንነት ግቡና የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች የሚለውን «አግድ» በሉት። የጤና ጣቢያው ካርድ ባለበት ይቆያል፤ የደላላው ይታገዳል። ጉግል የሦስተኛ ወገን ኩኪን በ2020 እ.ኤ.አ. ከክሮም አስወጣዋለሁ ብሎ ነበር፤ በ2024 ሐሳቡን ቀየረ፤ ስለዚህ ማገዱ ለእናንተው ቀርቷል። የአፕል ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ ራሱ ያግዳል፤ ፋየርፎክስም የታወቁ ተከታዮችን ኩኪ ከ2019 ጀምሮ ሳትጠይቁት ይከለክላል። ፓኬጅ ይቆጥብልናል ብላችሁ ኦፔራ ሚኒ የምትጠቀሙ ደግሞ ገጹ በኦፔራ ኮምፒውተሮች በኩል አልፎ፣ እዚያ ተጨምቆ እንደሚደርሳችሁ እወቁት።

መተግበሪያዎች የሚከታተሏችሁ በአብዛኛው በኩኪ ሳይሆን በማስታወቂያ መለያ ቁጥር ነው። በአንድሮይድ ስልክ ቅንብሮች ውስጥ ግላዊነት፣ ቀጥሎ ማስታወቂያዎች የሚል ታገኛላችሁ፤ የማስታወቂያ መለያውን ሰርዝ የሚል አለ፤ ሰርዙት። ለአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ያደረግሁላት ይኼን ነው።

ድብቅ የሚባለው መስኮት፣ ኢንኮግኒቶ፣ ታሪኩን ከስልኩ ላይ ይደብቃል፤ ከድረ ገጹ አይደብቅም። ጉግል ተከስሶ በ2024 እ.ኤ.አ. በድብቁ መስኮት የሰበሰበውን በቢሊዮን የሚቆጠር መዝገብ ለማጥፋት ተስማምቷል። ስልክ ለሚጋራ ቤተሰብ ግን ጠቃሚ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ ኩኪው አብሮ ይጠፋል። ኢንተርኔት ቤት ስትገቡም በእሱ ተጠቀሙ። አንድ ልጅ እኔ ቤት ፌስቡኩን ሳይዘጋ ወጥቶ፣ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው በስሙ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቹ «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» ብሎ ጽፎባቸዋል። የልጁን ይለፍ ቃል ማንም አልሰረቀም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ካርድ በቂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በተነሣ ቁጥር ማሰሻውን የማጸዳው እኔው ነኝ።

ይህን ሁሉ አድርጎም የሚቀር አለ። አያቴ የጠፋች ግመል ፍለጋ ቆላ ሲወርዱ ምልክቷን አይፈልጉም ነበር። አሸዋው ላይ ጎንበስ ብለው ኮቴዋን ያያሉ፤ የግራ እግሯን እንደምትጎትት፣ ጭነት እንዳላት ያውቃሉ። ድረ ገጽም ኩኪ ስታግዱበት የስልኩን ዓይነት፣ የስክሪኑን ስፋት፣ ቋንቋውን፣ ሰዓቱን ገጣጥሞ ዱካችሁን ሊለይ ይሞክራል። ይኼ ከኩኪ ይከፋል፤ ኩኪ ቢያንስ ስልካችሁ ውስጥ ስላለ ታጠፉታላችሁ። እዚህ ላይ ግለሰብ ብቻውን ብዙ አቅም የለውም፤ ለዚህ ነው አዋጁን ደጋግሜ የማነሣው።

ባለፈው የገበያ ቀን አንዲት እናት መጡ፤ ልጃቸው ጅዳ ናት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይመጣብኛል፣ አጥፋልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ኩኪውን ከማገዴ በፊት ይለፍ ቃሉን ጠየቅኋቸው። ሞባይል ቤቱ ነው የሚያውቀው አሉ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ እሳቸው ራሳቸው እንዳይረሱት የመረጡትን አዲስ ቃል በቁራጭ ወረቀት ጻፍሁላቸው። አንዴ አዩት፣ አጣጠፉት፣ መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።